የእቴቴ የጓሮ በር አጀማመር

ባለፈው ቅዳሜ ላፍቶ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ አንድ ሰውዬ አዲስ ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ ተጣራ፤ ሰዉ ተጋፍቶ ገባ፤ እኔ ግን ይህን ያህል ትልቅ ሴትዮ ሆኜ፣ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ረዳቱ "እናት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?" ቢለኝም ፊቴን ወደ ቁም ሣጥኑ አዞርኩ። ቫርኒሽ ለሌላው ሰው የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የእሁድ ከሰዓት ሽታ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ የቼዝ ሰሌዳውን በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቫርኒሽ ይቀባው ስለነበር፣ አደይ አበባው ረግፎ እስኪያልቅ ድረስ የእኔም የእቴቴም ጣቶች እንደዚያ ቁም ሣጥን ይሸቱ ነበር።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ዘውዲቱ ነው፤ እቴቴ ያልኳት እኔ ነኝ። ወላጆቼ አዲስ አበባ ገብቼ እንድማር ብለው ከደብረ ማርቆስ ወደ እሷ የላኩኝ ገና የጥርስ መውለቂያዬ ሳያልፍ ነው። መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻት፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ሲሆን አቧራው መስኮት ያስዘጋል፣ እሷ ግን በክረምትም በበጋም ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ጫማዋን በፌስታል ይዛ እስከ አስፋልቱ በቦቲ ትሄድ ነበር። የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ነው። ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው ሰው "እባክዎ ይጠብቁ" ስትል ትውላለች፤ አስጠበቅሽኝ ብሎ የተቆጣት ሰው ግን አለ ሲባል አልሰማሁም፣ ድምጿ እንደዚያ ነበር። ዕድሜዋ አርባን አልፎ አላገባችም። ሰፈሩ በዚህ ጉዳይ የራሱ አስተያየት ነበረው፤ እሷ ግን ሰፈሩ ምን እንደሚል አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

ጋሽ ታደለ ከአጥሩ ማዶ የሚኖር፣ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነበር። እናትና አባቱን በልጅነቱ አጥቶ አዳሪ ትምህርት ቤት አደገ፤ ከዚያ ሩሲያ ተልኮ ተማረ፤ ሲመለስ ካፖርቱንና የቼዝ ሰሌዳውን ብቻ ይዞ ገባ። ካፖርቱ መካኒሳ ላይ ምንም አልጠቀመውም። ቼዙ ግን አንድ እሁድ እቴቴን ለመጠየቅ ሲመጣ ብብቱ ሥር ነበር፤ ጠጠሮቹን ደርድሮ "ይችላሉ እንዴ፣ ወይዘሪት ዘውዲቱ?" አላት፤ እሷም "ትንሽ ትንሽ" አለችና እሱ እስኪያንቀሳቅስ ሳትጠብቅ ሁለት ወታደር፣ አንድ ፈረስ፣ እንደገና አንድ ወታደር በተከታታይ አንቀሳቀሰች።

እሱ ይህቺ ሴት ጨዋታውን አታውቀውም ብሎ አሰበ፤ እሷ ደግሞ ይህ ሰው ምን ነው እንቅልፍ ወሰደው እንዴ ብላ አሰበች። ነገሩ በኋላ ነው የተገለጠው። አያቴ ጎጃም የሚጫወቱት የጥንቱን ሰንጠረዥ ነበር፤ በሰንጠረዥ ደግሞ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም ወገን በየራሱ ፍጥነት ሠራዊቱን ያሰልፋል። እቴቴ ሴት ልጅ ስለነበረች ከወንዶቹ መሐል ባትጠራም ከበሩ ኋላ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ጋሽ ታደለ ይህን ሲሰማ በጣም ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ያንን አሰላለፏን ትኩር ብሎ ተመለከተው። "ይህ እኮ ስም ያለው አጀማመር ነው" አላት። ሩሲያ ሳለ የእንግሊዝ አጀማመር ይሉት ነበር አለ። እቴቴ እንግሊዝ ከየት መጣ፣ ይህ የአባቴ ነው ብላ አልተቀበለችውም፤ እኛ ቤት ስሙ የጓሮ በር ሆኖ ቀረ።

የጓሮ በር እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ሲጀምር የመሐሉን ወታደር ሁለት እርምጃ ወደፊት ይገፋና ደረቱን ይነፋል። እቴቴ ግን መሐሉን አትነካውም። ከንግሥቷ ወገን፣ ከጳጳሱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ታራምዳለች፤ በሌላው ዳር አንዱን ወታደር ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋ ጳጳሱን ከኋላው ታስቀምጠዋለች፤ ከዚያ ፈረሶቿን ታወጣለች፣ ንጉሡን ቤቱ ታስገባለች፣ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ተጋጣሚዋ ነው፤ እሱ መሐሉን ይዞ ከመጣ ከጎን ትነቀንቀዋለች፣ እሱ ፈርቶ ከቀረ መሐሉን ራሷ ትወስደዋለች፣ ምንም ካላደረገ ደግሞ እሷም ቡና ቀዝቅዟል ብላ ትነሳለች።

እኔን ያስተማሩኝ ሁለቱም ናቸው፤ እሷ እጄን፣ እሱ ጭንቅላቴን። መጀመሪያ ላይ አልገባኝም። ጠጠሮቼን በሚያምር ሁኔታ ደርድሬ፣ ቤት ጠርጋ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሴትዮ ስቀመጥ፣ ጋሽ ታደለ እየሳቀ መጥቶ ንጉሤን ይወስድብኝ ነበር። መጠበቅ ማለት መተኛት አይደለም ይለኛል። ጠጠሮችሽ ሁሉ ወደ መሐል እያዩ ነው፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማታዪው ይለኛል። ዓመት ያህል ተሸንፌ ተሸንፌ አንድ ቀን መሐሉን በትክክለኛው ሰዓት ስከፍተው፣ ጳጳሴ ከዳሩ ላይ ሆኖ ሰሌዳውን ጫፍ እስከ ጫፍ ሲቆርጠው፣ ጋሽ ታደለ እጁን ዘረጋልኝና እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። እቴቴ ያን ቀን ፓስታ በቲማቲም ሠራች፤ እሱም እራት ሳይበላ አልሄደም።

እሁዶቹ እንዲህ እንዲህ እያሉ አለፉ። እሱ እሷን ወይዘሪት፣ እሷ እሱን አቶ ይሉ ነበር፤ አንቱታው አንድም ቀን አልተጓደለም። እኔ ግን ልጅ ብሆንም ዕውር አልነበርኩም። እቴቴ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ወለሉን ሁለት ጊዜ ትወለውላለች፤ እሱ ደግሞ አሥር እርምጃ የማይሞላ መንገድ ለመሻገር ከረባት ያስራል። ሁለቱ እንዲጋቡ የእኔን ያህል የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ስዕለት ሁሉ ተስያለሁ፣ አቦ ለአንድ ልጅ ሻማ ትኩረት ይሰጣሉ ብዬ።

በአንድ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን አባቴ ሊጠይቀን ከደብረ ማርቆስ መጣ። ጋሽ ታደለ ይህን አጋጣሚ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሽማግሌ ላከ። ዘመድ ስላልነበረው የላካቸው ሁለት መምህራን ባልደረቦቹን ነው፣ አንዱ የፊዚክስ፣ አንዱ የስፖርት። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚነጋገረው፤ እነሱ ግን እንደገቡ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ የስፖርቱ መምህር እንዲያውም እግሩን አነባበረ። አባቴ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ወጉ እንደሚያዘው መለሰላቸው፤ እናስብበታለን፣ ተማክረን እንነግራችኋለን አላቸው። መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ልጅቷ የማትፈለግ ያስመስላል፣ ሴትዮዋ አርባ ዓመት ቢያልፋትም እንኳ። ሽማግሌ ይመለሳል፣ እንደገና ይመለሳል፣ እሺታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እቴቴም ከጓዳ ሆና ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር፤ ፊቷን አይቼዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ሁለቱ መምህራን ለጋሽ ታደለ የነገሩት "እናስብበታለን አሉን" ብለው ብቻ ነበር፤ እሱም አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ይህን ወግ የሚነግረው ሰው ያልነበረው፣ ቁጥር እንደተጻፈ የሚያነብ ሰው ነበርና፣ በጨዋ ደንብ እምቢ ተባልኩ ብሎ ተቀበለው። ላስቸግራት አይገባም ብሎ እሁድ መምጣቱን ተወ። እቴቴ ደግሞ ሴት ልጅ ራሷ ሽማግሌ ትልካለች እንዴ፤ ጠበቀች። ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሁድ እሁድ ወለሉ ይወለወላል፤ በሩ አይንኳኳም። ልሂድና ልጥራው ስላት ያልጠሩሽ ቤት አትሂጂ አለችኝ፣ ቀና ሳትል። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ሰሌዳው ቫርኒሽ ሳይቀባ አለፈ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የቼዝ ክበቡም ተከፈተ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንድ ችኩል ልጅ ገጠመኝ፤ መሐሉን በወታደር ሞላውና "ይህቺ መጫወት አልፈለገችም" እያለ ለጓደኞቹ ያሾፍብኛል። ጋሽ ታደለ ከኋላችን ቆሞ ያይ ነበር። ለልጁ በረጋ ድምፅ ነገረው፤ ዳር ላይ ቆየች ማለት አልፈልግም አለች ማለት አይደለም፣ ቀጥሎ የምታደርገውን ዓይታ ነው የምትመልስህ አለው። እኔ ፈረሴን በእጄ እንደያዝኩ ዞር ብዬ አየሁት፤ ድፍረቴ ዛሬም ይገርመኛል።

"ጋሼ፣ ታዲያ አንተ ሽማግሌዎቹን ለምን መልሰህ አልላክህም?" አልኩት። "እቴቴ እኮ እየጠበቀችህ ነው።"

ልጆቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጋሽ ታደለ መነጽሩን አወለቀ፣ የሚጠርግበት ነገር ፈልጎ አጣና በባዶ እጁ ያዘው። "ተመለሱ ተብለው ነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ። ይህ ይጠየቃል እንዴ፣ ሽማግሌ ሁልጊዜ ይመለሳል አልኩት፤ የሒሳብ መምህሬ መሆኑን ረስቼ፣ አንድ ሲደመር አንድ እንደሚያስረዳ ሰው። ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ለጥምቀት አባቴ በድጋሚ ሲመጣ፣ በዚህኛው ጊዜ የመጡት የአቦ አንድ ቄስና ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሁለት አዛውንት ነበሩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ወጉን ጠብቀው፣ በሩ አጠገብ ቆሙ። ጉዳያቸውን በሚያምር አነጋገር አቀረቡ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ የአባቴን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ቀጠሮ ሊሰጥ ነው። ወጉ ገና አንድ መመለስ ይቀረው ነበር፣ አባቴም የእህቱን ክብር ሊያጎድልባት አልፈለገም። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና እቴቴ ወጣች፤ እጇ ሊጥ እንደያዘ። ለጋብቻ የምትጠየቅ ሴት በእንዲህ ያለ ሰዓት ፊቷን አታሳይም። እሷ ግን በቀጥታ ክፍሉ መሐል ድረስ ሄዳ ቆመች።

"ወንድሜ" አለችው፣ በዚያ የስልክ ድምጿ፣ "ይብቃ። ተቀመጡ በላቸው።"

ቄሱ ፈገግታቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። አባቴ ተቀመጡ አላቸው። እኔ እየሮጥኩ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ለጋሽ ታደለ ነገርኩት፤ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከረባቱን አስሮ፣ እንደ ተፈታኝ ተቀምጦ ነበር። አቀፈኝና ሲያለቅስ ሩሲያኛ ይሁን አማርኛ ያልለየሁት ነገር ተናገረ።

ለብዙ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም፤ እኔ ነበርኩላቸው። አንቱታውን ግን አልተውም፤ ሲጣሉ እንኳ "እርስዎ እኮ ልክ አይደሉም" ነበር የሚባባሉት። መካኒሳ ያለችው ቤት ዛሬ የለችም፤ ቦታው ላይ መስተዋት የለበሰ ፎቅ ቆሟል፣ አጥሩ የቱ ጋ እንደነበር ብፈልግ አጣሁት። ጋሽ ታደለ ካረፈ ጥቂት ዓመታት አለፉ። እቴቴ አሁን ላፍቶ፣ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጠጠሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች ትጫወታለች፣ እስከ ዛሬም ታሸንፈኛለች።

ያን ቅዳሜ ስገባ የዘገየሁት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቫርኒሹን ነገር ነገርኳት። ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የናፈቃት እሱ መስሎኝ ላጽናናት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

"ከሞተ ወዲህ ያለው የእግዜር ነው፣ አልከራከርበትም" አለች። "እኔን የምትቆጨኝ ያቺ አንዲት ክረምት ናት። አጥሩ ማዶ ሆኖ ሲያስል እየሰማሁት፣ ዝናቡን ሳልሻገር ያሳለፍኳት።"