ኮምፒውተሩ የመለሰው ኩላሊት

ኦትማር በጀርመን፣ በፍራንኮኒያ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለሚስቱ ወንድም ለፎልክማር አንድ ኩላሊቱን ሰጥቷል። ይህን ያልሰማ ጎረቤት ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ቢራ ቤት ካርታ ሲጫወቱ ፎልክማር ካሸነፈ፣ «በማን ኩላሊት ነው የምትኮራው?» ይለዋል። ሁለተኛ ብርጭቆ ሲያዝ ደግሞ፣ «ቀስ በል አማቼ፤ የምታደክመው የኔን ንብረት ነው» ይላል። ፎልክማር ዝምተኛ ነው፤ ራሱን ነቅንቆ ይጠጣል።

አንድ የምርምር ተቋም በኤምአርአይ ማሽን የሆድ ምስል የሚነሱ ፈቃደኞች ሲፈልግ፣ ሥራ መፍታት የሰለቸው ኦትማር ሄዶ ተመዘገበ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ኡልሪከ ነገሩን አስረዳችው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ምስል በሁለት ደቂቃ ማንሳት ነው ሐሳቧ። ማሽኑ ጥቂቱን ብቻ ይለካል፤ የቀረውን፣ በሺህ የሚቆጠር የሆድ ምስል አይቶ የተማረ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞላዋል። ኦትማር ሚስቱ ሮስቪታ ትዝ አለችው። እሷም ወሬ ግማሹን ሰምታ ቀሪውን ራሷ ትጨርሰዋለች።

ሰውነቱ ውስጥ ብረት እንዳለ ተጠየቀ። የለም አለ። የጎደለ ነገር እንዳለ ግን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ጠባቡን ቀዳዳ አይቶ ምላሱ ደርቆ ስለነበር፣ ያን ቀን ብቻ ስለ ኩላሊቱ ሳያወራ ገባ።

ሲወጣ ኡልሪከ ደስ ብሏት ምስሉን አሳየችው። ጥርት ያለ ነበር።

«ያማሩ ኩላሊቶች አሉዎት» አለችው።

«ኩላሊቶች?»

«ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።»

ኦትማር ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳውን አሳያት። ኡልሪከ ፊቷ አመድ መሰለ። መልሳ አስተኛችውና በዝግታ አስለካችው፤ አሁን አንድ ኩላሊት ብቻ ታየ። ፕሮግራሙ የተማረባቸው ሆዶች ሁሉ ማለት ይቻላል ባለ ሁለት ኩላሊት ስለነበሩ፣ በቂ ሳይለካለት የለመደውን ሥሎ አስቀምጧል። ኡልሪከ አፈረች፤ በሽተኛ ላይ ሳይደርስ በመታወቁም ተመስገን አለች። ኦትማር ግን አልሳቀም።

«ዶክተር፣ በሕይወቴ የሠራሁት አንድ ደግ ነገር ነው። እሱንም የእርስዎ ኮምፒውተር ሠረዘብኝ» አላት።

የተሳሳተው ምስል እንዲታተምለት ለምኖ ወሰደ። እሑድ ምሳ ላይ ታሪኩን ሲያወራ ሮስቪታ ከሳቋ ብዛት ሹካዋን ጣለች። ፎልክማር ምስሉን አተኩሮ አየና፣ «እንኳን ደስ ያለህ። ከተመለሰልህማ ከዛሬ ወዲያ ስለሱ ባናወራ ምን ይመስልሃል?» አለው።

ኦትማር የአሳማ ጥብሱን ወደ ጎን ገፋ። ጥብስ ሲገፋ አይታው የማታውቀው ሮስቪታ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ፎልክማርም፣ «የምትሄድበትን አሳየኝ፤ እኔም እነሳለሁ፤ ኩላሊትህ የት እንዳለ በዓይንህ ታያለህ» አለ። ይህን ያለው አሳንሰር ፈርቶ አምስት ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ሰው ነው።

ፎልክማር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኦትማር ማይክሮፎኑን ከኡልሪከ ተቀበለና የድሮ የአውቶቡስ መስመሩን ፌርማታዎች ይጠራለት ጀመር። ገበያው፣ ድልድዩ፣ መቃብሩ። «መቃብሩን ዝለለው» አለ ፎልክማር ከውስጥ። ኦትማር ዘለለው።

ፈጣኑ ምስል ላይ የተሰጠው ኩላሊት የለም፤ ፕሮግራሙ ሐኪሞች በተከሉበት ቦታ፣ ዳሌው አጠገብ ሲያገኘው አንጀት ነው ብሎ አልፎታል። በዝግታ የተለካው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ታየ። ኦትማር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ወፍሯል» አለ።

«በደንብ ነው የምቀልበው» አለ ፎልክማር ላቡን እየጠረገ። «አመሰግናለሁ ብዬህ የማውቅ አይመስለኝም።»

«ብለኸኛል።»

«ሰክሬ ነበራ።»

ኡልሪከ ወረቀት የምትፈልግ መስላ ወጣች።

ፕሮግራሙን እንደገና ለማስተማር ከሌላው ሰው የተለየ ሆድ ያላቸው ሰዎች ያስፈልጓት ነበርና፣ ፍለጋውን ኦትማር ያዘላት። ቢራ ቤት አዲስ ሰው ሲገባ ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውስጥዎ የጎደለ ወይም ቦታ የሳተ ነገር አለ?» ይላል። ተቆጥቶ የወጣም አለ። ግን ሐሞት ከረጢቷ የወጣላት ዳቦ ጋጋሪ አገኘ፤ ቀጥሎም ጉበታቸው በግራ በኩል የሆነ ጡረተኛ ቄስ። ከዚያ ወዲህ ቢራ ቤቱ ስለ ኩላሊት ሰምቶ አያውቅም፤ የሚወራው ስለ ቄሱ ጉበት ነው።