ጎላው የሚገባበት በር

የአይንቤክ ከተማን የመዳብ ጎላ ከቤት ቤት የምንሸከመው እኛ ነበርን። በከተማችን ቢራ የሚጠመቀው በእሱ ብቻ ነው። ጸደይ ሲመጣ ዕጣ ይወጣል፤ ተራው የደረሰው ቤት በሩን ይከፍታል። በሩ ጎላውን ካላሳለፈ ግን መጥመቅ የለም።

የጓንት ሰፊው የሄኒንግ ሚስት የአልሃይድ በር ጠባብ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለችው ሜቴ ደግሞ ጋሪ ከነጭነቱ የሚያስገባ በር ነበራት። ጎላውን ወደ ሜቴ ግቢ ባስገባን ቁጥር አልሃይድ መስኮቷ ላይ ቆማ እርር ድብን ትላለች። ሜቴም አርፋ አትቀመጥም፤ ጎረቤቴ ትቅመስ እያለች በማሰሮ ትልክላታለች። አልሃይድ ተቀብላ ለአሳማዎቿ ትደፋዋለች። ከሃምቡርግ ድረስ ጋሪ የሚሰለፍለትን ቢራ! እኛ ተሸካሚዎቹ ጉሮሯችን ደርቆ እያየን።

በመጨረሻ ባሏን ወጥራ ያዘችው። ሄኒንግ ክፉ ሰው አይደለም፤ አስረድቶ ሊመልሳት ሞከረ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ገዢው እኮ እየቀነሰ ነው። ሃምቡርጎች ራሳቸው መጥመቅ ጀምረዋል።”

“ቢራ ማን አነሳ?” አለችው። “እኔ ያልኩህ በር ነው።”

ከአባቷ የወረሰችውን ማሳ ሸጠች። ግድግዳው ፈርሶ ከሜቴ በር በአንድ ክንድ የሚበልጥ ቅስት ቆመ። ዕጣው ግን በዚያም ዓመት በሚቀጥለውም ሳይወጣላት ቀረ። ከዚያ የሃምቡርግ ጋሪዎች ጨርሶ መምጣት አቆሙ፤ ተራ የሚፈልግ ሰው ጠፋና ዕጣውም ቀረ። ጎላው መጋዘን ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ለበሰ። አልሃይድ ግን የከተማው ሹሞች ዘንድ ሄዳ ተራውን ለመነች። ሳቁባትና ፈቀዱላት።

ጎላውን ፈግፍገን ይዘን ስንመጣ የበዓል ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችን። መንገዱ መሃል አስቆመችን፤ በደንብ ይታይ አለች። ትከሻችን እየተላጠ ቆምን። የሜቴ መስኮት ዝግ ነው።

“ይቺ ሴት የት ሄደች?” አለችኝ።

“እትዬ አልሃይድ፣ አልሰሙም እንዴ? ዛሬ ማለዳ፣ እርስዎ ጓሮ እሳት ሲያነዱ፣ ጓዟን ጭና ሃምቡርግ ልጇ ጋ ሄደች። እዚያ ገበያው ደርቷል አሉ።”

ጎላው በቅስቱ ስር ምንም ሳይነካ አለፈ። አልሃይድ ዞራም አላየችው። ዓይኗ ከተዘጋው መስኮት አልተነቀለም።

“አየህ፣” አለችኝ፣ “በመሄዱም ቀደመችኝ።”