የነጣው ጄድና የጽጌ ሎሚ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጠዋት

ቅዳሜ እዚሁ አሜሪካ ከወንዝ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ የሄድኩት የባሌ እህት ጽጌ ጥፋተኛ መሆኗን በባለሙያ ለማስመስከር ነው። ሟቹ ባለቤቴ ቻይና ሲማር መምህሩ የሰጡት፣ ለዘመናት ተቀብሮ የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ክብ ጄድ፣ ቻይናዎች የሚያከብሩት አረንጓዴ ድንጋይ፣ አለኝ። ጽጌ ከአሥር ዓመት በፊት ቤቴ መጥታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ የብር መስቀል እንደሚታጠበው በሎሚና በጨው ፈተገችው። የደረቀው አፈር ሲለቅ አረንጓዴው ድንጋይ ግማሹ እንደ አጥንት ነጥቶ ወጣ። «አቃጠልሽው!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

ዋዜማውን እዚያው አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው ለጽጌ ደውዬ «ነገ ማስረጃዬን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

«ይምጡ እትዬ፣ ምሳ ይጠብቅዎታል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ፈልጌ አጣሁ።

በባቡር

በቀዩ መስመር መሐል ከተማ ደርሼ ወደ ቢጫው ተሻገርኩ። ባቡሩ ከምድር ውስጥ ወጥቶ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና ብሎ ውኃውን አየ። እኔ በሹራብ የጠቀለልኩትን ድንጋይ ጠበቅ አደረግሁ። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርጄ ነፃውን አውቶቡስ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ያለው የጡብ መንገድ ለጉልበት አይመችም።

አሌክሳንድሪያ፣ ረፋድ

የቅርስ ጥገና ባለሙያዋ ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ናት፤ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ ትሠራለች። ድንጋዩን በማጉያ መነጽር ደጋግማ አየችው። እኔም ለፍርዱ ቸኩዬ «ሎሚ ነው ያነጣው፣ አይደል?» አልኳት።

«አይደለም። ይኸውልሽ፣» አለችና የድሮ ስብራቱን አሳየችኝ። ንጣቱ እስከ ውስጥ ዘልቋል። የመሬት ውኃ ለዘመናት ሲመላለስበት ውስጡን በጥቃቅኑ ቦርቡሮታል፤ ሎሚ ያን ያህል አይዘልቅም። አፈሩ ሳይነካ ቢቆይ ግን ይሻል ነበር።

ለካ ድንጋይም እንዲህ ውስጥ ለውስጥ ይበላል! ሌላ ጥያቄ ልጠይቅ ስል ቀደመችኝ።

«ይህ ቡናማ እድፍስ?»

«ምንም አይደለም... ቫዝሊን ነው። እንዳይሰነጠቅ በየበዓሉ እቀባዋለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። የተቦረቦረ ድንጋይ ቅባት ይመጥጣል፤ ቅባቱ ሲቆይ ይጠቁራል። ጥቂቱን በመድኃኒት ማውጣት ይቻላል፣ ሁሉንም ግን አይቻልም አለች።

የጽጌ ቤት፣ ምሳ ሰዓት

ወደ ባቡር ጣቢያው ልመለስ አሰብኩ። ግን እመጣለሁ ብያለሁ።

ጽጌ በሩን ከፍታ «እትዬ፣ ተፈረደብኝ?» አለች።

«ንጣቱ ከመሬት ነው። አንቺ አይደለሽም።»

ድንጋዩን ከሹራቡ አውጥቼ ሰጠኋት፤ አገላብጣ አየችው። «እድፉስ?»

«እኔ ነኝ። ቫዝሊን።»

«ቫዝሊን! ምን፣ ሕፃን አደረጉት እንዴ?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አሥር ዓመት፣ እትዬ» አለች። ምስር ወጡን ሁለቴ ጨመረችልኝ፤ በላሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማታ

ድንጋዩን ባለሙያዋ በሰጠችኝ ንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ሙቀትና እርጥበት ከማይፈራረቁበት መሳቢያ አስገባሁት። ቅባት አይነካውም። ከጉዞው የተማርኩት፣ ሌላው ቢቀር፣ ሳልጠይቅ መፍረድ እንደሌለብኝ ነው። በሎሚው ጽጌን ይቅር ብያለሁ። በሠርጌ ቀን ስለ ቀሚሴ የተናገረችው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በጆሮዬ ነው የሰማሁት።