ከጎረቤቴ ጋር ዋሻ የሄድን ቀን

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሚዛን ተፈሪ ዝም አለችብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ፣ አፌን ሳልከፍት የሚመሽበት ቀን መጣ። አንድ እሁድ፣ ከቴፒ ወዲያ አለ ሲባል የምሰማውን ዋሻ ለማየት ተነሳሁ። ብቻዬን መሄዱ ስለከበደኝ ጎረቤቴን አብረን እንሂድ አልኳቸው። ከጅማ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ባለሱቅ ናቸው። ለዓመታት ስንጎራበት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተጫውተን አናውቅም። እምቢ ይሉኛል ስል ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

እስከ ቴፒ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በቡናው መሀል በእግራችን ሄድን። አንድ ገበሬ እስከ ዋሻው አፍ አድርሶን ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያ አካባቢ አለቱ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ዋሻው ግን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል። እያንዳንዱ ጠብታ የያዘውን ጥቂት ኖራ እየተወ ስለሚወርድ ድንጋዩ እንደ ጧፍ ቁልቁል ያድጋል። ጣት የምታህለዋ እንኳ ከሰው ዕድሜ በላይ እንደምትፈጅ ስነግራቸው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳያየው ነዋ አሉ።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ጣሪያው በሌሊት ወፍ ተሸፍኗል። እንዳንረብሻቸው የስልኬን መብራት ዝቅ አድርጌ፣ እናቲቱ ምግብ ፍለጋ ወጥታ ስትመለስ ከዚያ ሁሉ ግልገል መሀል የራሷን እንደምትለይ አወራኋቸው።

«በምን ታውቀዋለች?»

«በድምፁና በጠረኑ።»

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«አረብ አገር ያለው ልጄ ባለፈው ሲደውል ማን ልበል አልኩት» አሉኝ። «ድምፁ ጠፋኝ፣ ቲቸር። እሱም ዝም አለ።»

ኔትወርኩ ይሆናል ልል ብዬ ተውኩት። እጃቸውን ያዝኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ጠብታውን ስናዳምጥ ቆየን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ግን ወደ ሰላምታችን ተመለስን፤ ያን ያህል ገልጠው መናገራቸው ያሳፈራቸው ይመስለኛል። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም። ክረምቱ ሲወጣ ሱቁን አስረክበው ጅማ እህታቸው ጋ ገቡ። የሄዱ ቀን ገበያ ወጥቼ ስለነበር አልተሰነባበትንም።

ቤቱ አሁን የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጥበታል። በዚያ በኩል ሳልፍ እርምጃዬን ፈጠን አደርጋለሁ።