ሦስት ቀን የያዝኩት መርዶ

«አንቺ እኮ አፍሽ እንጂ ልብሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ እትዬ ዘውዴ፣ የጓደኛዬ የትርንጎ አክስት፣ በወንድማቸው ለቅሶ ላይ ፊት ለፊቴ ቆመው። እጄን ይዘው ይቅር አሉኝ። እኔም ይቅርታቸውን ተቀበልኩ።

ያን ቀን የዋጥኩትን እስካለፈው ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም አልተናገርኩም። የንስሐ አባቴ ፊት ትንንሹን ኃጢአት ስዘረዝር ይኼኛውን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ለእናንተ ልናገር።

ዘመኑ የረሃቡ ነው። ከማዶ ሰው በየቀኑ እየተግተለተለ ይመጣል፤ ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ አጠገብ ያለው የስደተኞች ሰፈራችን በሣር ዳስ ተሞልቷል። ከሰፈራው ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ክፍል የጨረስነው ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ትርንጎ። የቀረን ኢምቲሃኑ ነው፣ ፈተናው። በክፍለ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በታሸገ ፖስታ የሚመጣ፤ የሱዳኑም የስደተኛውም ልጅ እኩል የሚቀመጥበት። ከእኛ ሰፈራ ውጤቷ ለበለጠ ለአንዲት ሴት ልጅ ገዳሪፍ ሁለተኛ ደረጃ ከነማደሪያው ቦታ ተይዞላታል። ማደሪያ ማለት አልጋ ነው፤ ጠዋት ፉል፣ ማታ ዳቦ። ለሌላዋ ያለው ቁረይሻ እርሻ ወርዶ ማሽላ ማጨድ ነው።

ትርንጎ ትበልጠኝ ነበር። በሂሳብማ አጠገቧም አልደርስ።

ረቡዕ ከሰዓት ከኳራ የመጣ ሰው እናቴ ዘንድ ገባ። እኔ ከዳሱ ጀርባ ጀሪካን አጥባለሁ። የትርንጎ አባት የቀረችውን ላም ሊሸጡ ወደ አገር ቤት ተመልሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ታመው ሞተዋል። ሽማግሌዎች ተጠሩ። «ልጅቱ እንዳትሰማ» አሉ። «ፈተናውን ቅዳሜ ትጀምራለች፣ ማክሰኞ ትጨርሳለች። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን።» እንደ ወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ተዘጋጅቶ። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ሄደው ለትርንጎ ገንፎ አገነፉላት።

እናቴ ጀሪካኑ አጠገብ አየችኝ። «የምፈራው አንቺን ነው። ያ አፍሽ!»

«አልናገርም» አልኳት።

አልተናገርኩምም። ሐሙስ ከትርንጎ ጋር ልብስ አጠብን። ዓርብ ፀጉሯን ሠራኋት፤ ራሷ ጉልበቴ ላይ ነበር። «አባዬ ሲመጣ ውጤቴን የምነግረው እኔ ነኝ። ቀድመሽ ብትነግሪው ወዮልሽ፣ ወሬኛ!» አለችኝ። ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ ነው የምላችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ባሱንዳ፣ የመፈተኛው በር ላይ ተሰልፈናል። የመጀመሪያው ፈተና ሂሳብ ነው። ትርንጎ እርሳሷን በምላጭ ቀርጻ ጫፉን በጣቷ ትሞክራለች። ኡስታዙ፣ ፈታኙ መምህር፣ ስም መጥራት ጀመረ። ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁ።

«ትርንጎ፣ አባትሽ ሞተዋል።»

መሬት ላይ ወደቀች። ዓርብ የሠራሁላትን ሹሩባ እየነጨች ጮኸች። የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ አንዲት ሻይ ሻጭ ሮጣ መጥታ ደገፈቻት። ትርንጎ ግን አምልጣት ወደ ሰፈራው በረረች። በሩ ተዘጋ። አንድ ፈተና የቀረበት ሁሉም ቀረበት፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ከጎኔ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። ወረቀቷ በላዩ ተደፍቶ ተቀምጧል። እኔ ሂሳቤን ሠራሁ። መልሴን አንድ በአንድ ደግሜ አየሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰፈራው ሁሉ ስለ እኔ «ከአፏ አመለጣት» አለ። በአፌ ያላስቀየምኩት ሰው ስለሌለ ማንም አልጠረጠረኝም። የገዛ ስሜ ጋረደኝ። አፌ የማይችል ከሆነ ሐሙስን እንዴት ቻለ? ዓርብን፣ ራሷ ጉልበቴ ላይ ሆኖ፣ እንዴት ቻለ? አላመለጠኝም። ሰዓቱን ጠብቄ፣ በሩን መርጬ ነው የተናገርኩት። ርቦኝ ነበር ልበል? እሷም ርቧት ነበር።

ገዳሪፍ ገባሁ። ተማርኩ። ጨረስኩ። ያለፈው ሳምንት በሎሪ ቁረይሻ ወረድኩ። ትርንጎ አውድማ ላይ ማሽላ ስትወቃ አገኘኋት። ዱላዋን ጥላ አቀፈችኝ።

«ይቺ ወሬኛ! ወፈርሽ ደግሞ!» አለችኝ። ጫማዬን አውልቄ አብረን ጆንያ ላይ ተቀመጥን። «ታውቂያለሽ፣ ሁሉም ሲደብቁኝ ያልደበቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን አልረሳልሽም።»

«ከረቡዕ ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ልብስ ስናጥብ?»

«አዎ።»

«ፀጉሬን ስትሠሪኝ?»

«አዎ። ቦታው ለአንዲት ነበር፣ ትርንጎ። እንዳትፈተኚ ብዬ ነው።»

ከሻሿ ላይ ገለባ ለቀመች። 

«ሂሳቡ ከባድ ነበር?»

«ቀላል ነበር።»

ተነሥታ ዱላዋን አነሣች። ማሽላውን መውቃት ጀመረች። ሎሪው ጡሩንባውን ነፋ። ጫማዬን ከገለባው ውስጥ ፈልጌ አደረግሁና ሄድኩ።