ቴክ ኦፍን ለወንድሜ ሳስረዳ

ወንድሜ ጀርመን አገር ነው ያለው፤ እኔ ዳላስ አጠገብ፣ ሮውሌት። ደሴ ላይ ከተለያየን ወዲህ በአካል አልተያየንም። እማዬ ከሞተች በኋላ ደግሞ ቤተሰብ የምንለው እኔና እሱ ብቻ ነን። እንዲህ ሆነን ስልካችን እንዴት ነበር መሰላችሁ? «ደህና ነሽ?» «ደህና። አንተስ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ብርዱስ?» «አለ።» አለቀ! ወላሂ፣ ባንክ ስደውል እንኳ ከዚህ የበለጠ ወሬ አገኛለሁ። ስለ እማዬማ ጭራሽ አይነሳም። ገና ስሟን ስጠራ «እሺ በይ፣ ሥራ ልገባ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ግን ራሱ ደወለ። ለካ የማታ ትምህርት ጀምሮ ኖሯል፤ ፈተናው ላይ እንግሊዝኛውን ወደ ጀርመንኛ መልስ ይባላል። «እታለም፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለኝ። «ጊቭን አውቃለሁ፣ አፕንም አውቃለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የማላውቃቸው ሆነው ቁጭ ይላሉ!»

ሳቄ መጣ። እኔ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ነው የምገፋው፤ እንግሊዝኛዬም ከመንገደኛ የለቀምኩት ነው። ጀርመንኛ የሚባል ነገር አላውቅም። «አብሽር፣ በአማርኛ እንገናኛለን» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ወደ ሥራ ስነዳ ይደውላል። እሱ ዘንድ ሊመሽ ሲል ስለሆነ ክፍል ሳይገባ ይይዘኛል። ስልኩን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኝቼ፣ ሀይዌዩ ላይ የሚጋፋኝን ትራክ እየረገምኩ አስተምረዋለሁ። ትርጉም ልስጥህ ብል አልችልበትም፣ ዲክሽነሪ አይደለሁ። የምችለው ታሪክ መንገር ነው። እሱ ይሰማና ጀርመንኛውን ራሱ ያወጣዋል።

የመጀመሪያው ቴክ ኦፍ ነበር። «አውሮፕላን ሲነሳ» አልኩት።

«አብሄበን» አለ በጀርመንኛ።

«ማለቴ፣ ከሥራ ፈቃድ ስትወስድም ነው።»

«እሱ ሌላ ቃል ነው።»

«ጫማ ስታወልቅም ነው።»

«እሱም ሌላ! አውስጺየን።» ጀርመኖቹ ለካ ለእያንዳንዱ ነገር በልኩ ቃል ሰፍተውለታል፤ እንግሊዝኛው ግን አንዱን ለሁሉም ያለብሳል። «ሁሉንም ቀላቀልኩት፣ ድገሚልኝ» ሲለኝ ተናደድኩ። «አንተ! ጫማውን እንኳ እንዴት ትረሳለህ? የጁምዓውን ቀን አታስታውስም?»

ልጅ ሆኖ ነው። ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ያወለቀውን ትቶ የአንድ ትልቅ ሰው ጫማ አጥልቆ መጣ። እየጎተተ ግቢ ሲገባ እማዬ አየችውና በሳቅ ፈረሰች። ሳቋን ሳትጨርስ «ሂድ መልስ፣ ሰውየው በባዶ እግሩ ቀርቷል!» ብላ እኔን አስከትላ ሰደደችው። ሰውየው እውነትም ደጃፉ ላይ በካልሲ ቆሞ ነበር፣ የወንድሜን ትንንሽ ጫማዎች በእጁ ይዞ።

ወንድሜ ስልኩ ውስጥ ሳቀ፣ ሳቀ። ከዚያ «እማዬ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍን ነበር» አለኝ። ከሞተች ወዲህ ስለሷ ሲያወራ የሰማሁት ገና ያን ቀን ነው። የምወጣበትን ኤግዚት አልፌው ሄድኩ።

በዚያው ቀጠልን። ረን አውት ኦፍን፣ ስኳር ሲያልቅ እማዬ ብርጭቆ አስይዛ እኛን ጎረቤት በላከችበት አስረዳሁት። ፑት አፕ ዊዝን ደግሞ የአያታችንን ቁጣ በቻለችበት። «አውስሃልተን! መቻል!» ብሎ ጮኸ፣ «እማዬ ማለት እኮ አውስሃልተን ናት።» ቤታችን በሙሉ በፈተና ሰበብ ተመልሶ መጣ።

ፈተናውን አለፈ። መኪና ውስጥ ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት። ከዚያስ? ከዚያማ ስልኩ ጸጥ አለ።

ቢጨንቀኝ ራሴ ደወልኩ። «ደህና ነህ?» «ደህና። አንቺስ?» «አልሐምዱሊላህ።» ተመለስን እዚያው! ናፍቀኸኛል አትይውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ቤት እንዲህ አይባልም፤ እኛ ቤት የሚባለው «በልተሃል?» ነው። «በልተሃል?» አልኩት። «በልቻለሁ» አለኝ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። የኔ የቅርብ ጎረቤት ከመኪናው ሳይወርድ እጁን ያወዛውዝልኛል፣ ከዚያ ጋራዡ ይዘጋል። እኔ የፈለግኩት የሩቁን ነው። ወንድሜ ናፈቀኝ፣ ሳቁ ናፈቀኝ፣ «ድገሚልኝ» ሲል መስማት ናፈቀኝ። ስነዳ አንድ ቃል ይመጣብኝና በየትኛው ታሪክ እንደማስረዳው አስባለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ምናለ ፈተናው ትንሽ ቢከብደው ኖሮ ብዬ ተመኝቼ፣ ደንግጬ አስተግፊሩላህ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የሠራተኞች ፓርኪንግ ውስጥ ፓርክ አድርጌ ቦርሳዬን ሳነሳ ስልኩ ጮኸ። እሱ ነው።

«ሥራ ገብተሻል?»

«ልገባ ነው። ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነኝ። ማለቴ… አንድ ቃል ቸግሮኝ ነው።»

«ፈተናው አልቆ የለም እንዴ?»

«አልቋል።» ቀጠለና «ቴክ ኦፍ» አለኝ። «ቴክ ኦፍ ምን ነበር?»

ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ቴክ ኦፍን አይረሳም። «ረሳኸው?» አልኩት።

«ጭራሽ!» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሺፍቴ ሊጀምር ነው፤ ይጀምር። «እሺ፣ ከአውሮፕላኑ ልጀምርልህ?» አልኩት።

«አይ፣ ከጫማው» አለኝ። «እማዬ የሳቀችበትንም እንዳታልፊው።»