ከአርዲስ ቀበቶ ላይ የተገኙት ጥይቶች

አርዲስ ኮብዛ የዕድሜዋን እኩሌታ በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት በአንድ የአሳማ ማረጃ ቤት ቢላ ስትጨብጥ ኖራ ጡረታ ወጣች። ከዚያ ቤት ይዛ የወጣችው የተበላሸ የቀኝ እጅ አንጓ ነው። በዚያ እጇ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዛ ውድድር ልትገባ መሆኑን የሰማ ሁሉ ሳቀባት። ያልሳቀው ጎረቤቷ ሌላንድ ኮቫሪክ ነበር። ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦ በባዶ ቀለህ ባሩድና አረር መሙላት ያስተማራትም እሱ ነው።

በውድድሩ ሕግ የአረሩ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ ከተወሰነ ልክ ማነስ የለበትም። ለስላሳ ጥይት ብዙ ስለማይራገጥ እጅ ቶሎ ወደ ኢላማው ይመለሳል። ስለዚህ ተኳሽ ሁሉ የቻለውን ያህል ወደ ልኩ ጠርዝ ይጠጋል። አርዲስ መጀመሪያ አፈሙዙ ጠበብ ባለ የሠላሳ ስምንት ካሊበር ሽጉጥ ሞከረች። አረሩ ቀላል በመሆኑ ልኩን ለማሟላት በጣም መፍጠን ነበረበት፤ ምቱም ከአንጓዋ ተነስቶ እስከ ክርኗ ይዘልቃል።

"ወደ አርባ አምስት ካሊበር ግቢ" አላት ሌላንድ። "ከባድ አረር ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ልኩ ያው ነው፤ ግን ይገፋሻል እንጂ አይመታሽም።"

እውነቱን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ባሩዱን በጥቂት በጥቂቱ ስትቀንስ ስትጨምር ከርማ፣ ከልኩ ትንሽ ከፍ የሚል ጥይት አገኘች። ከዚያ በታች ብታወርደው ለእጇ ይቀልላት ነበር። ግን ብርድ ፍጥነቱን ይቀንስብኝና እወድቃለሁ ብላ ተወችው።

በጸደይ ለግዛቱ ውድድር እንደወትሮው በሌላንድ መኪና አብረው ሄዱ። ጠዋት የውድድሩ ጥይት ለኪ ሜርል ዲትዝ ከረጢት ይዞ ዞረ፤ እያንዳንዱ ተኳሽ ለመለኪያ የሚሆን ጥይት ከራሱ ሣጥን እያወጣ ጨመረለት። ሁለቱም አለፉ።

ከሰዓት በኋላ አርዲስ ጥይት አለቀባት። ሣጥኗ መኪናው ውስጥ ነው፤ ሌላንድ ምግብ ሊገዛ ሄዷል፤ ቦርሳው ግን አጠገቧ አለ። ካሊበራቸው አንድ ስለሆነ ሁልጊዜ ይዋዋሳሉ፤ አፍሳ ቀበቶዋ ላይ ደረደረችና ተራዋ ደርሶ ተኮሰች። ሽጉጡ እንደ ጉንፋናም ሰው ሳል አደረገው። አረሩ የብረቱን ኢላማ መሃል ለመሃል መታው፤ ብረቱ ዘመም ብሎ ተመልሶ ቆመ። ደግማ ብትመታውም አልወድቅ አለ። እጇ ምንም አልተሰማውም። ጥይቱ ከልኩ በታች የተሞላ መሆኑ ያኔ ገባት።

ሌላንድን መኪናው ኋላ ላይ ተቀምጦ ሥጋና ጎመን የተሞላ ዳቦ ሲበላ አገኘችው።

"ጠዋት ለሜርል የሰጠኸው ከዚህ ነው?" አለች፣ አንዷን ጥይት እያሳየችው።

ማኘኩን አቆመ። "ቦርሳዬን ማን ክፈቺ አለሽ?"

"መቼ ዘግተህብኝ ታውቃለህ?"

"በይ ተቀመጪ፣ ሰው አታሰሚ። ለፈተና ጠንከር ያለ፣ ለተኩስ ለስለስ ያለ፤ ማን ተጎዳ? ያ አንጓሽ ሲያሠቃይሽ ማየት ሰልችቶኛል። ላንቺም እሞላልሻለሁ።"

ጎመኑ ጢሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ማረጃ ቤት ሳለች የገማ ሥጋ ከትኩሱ ሥር ደብቀው ሲያሳልፉ ያቅለሸለሻት ዓይነት ነገር ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

"አንጓዬን ለዚህ አትጥራው" አለችው።

በቀጥታ ወደ ሜርል ሄዳ ከቀበቶዋ የተረፉትን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ለካቸው።"

ለካቸው። ከልኩ እጅግ የራቁ ነበሩ። "ከየት አመጣሻቸው?"

"ከሌላንድ ቦርሳ። አሁን በነሱ ተኩሼ ነው የመጣሁት።"

ሌላንድ ተከትሏት ደርሶ ነበር። አፉን በእጅጌው ጠረገ። "የኔ አይደሉም። የኔ ጠዋት አልፏል። ከየት እንዳገኘቻቸው እንጃ።"

"ቦርሳውን ክፈተው፣ ሜርል" አለች።

ሜርል ዓይኗን ማየት አልቻለም። "የሰው ቦርሳ የመፈተሽ ሥልጣን የለኝም። ከቀበቶሽ የወጣው ያንቺ ነው፣ አርዲስ።"

ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ጫማ ጫማቸውን አዩ። ስንቱ ቦርሳው ውስጥ ሁለተኛ ሣጥን እንዳለው ስታስብ ይበልጥ አቅለሸለሻት።

"እንግዲያው ከውድድሩ ሰርዘኝ" አለች።

ማታ ሌላንድ ለአሸናፊ የሚሰጠውን ከብር የተሠራ የቀበቶ ዘለበት ተቀበለ፤ ሰውም አጨበጨበ። አርዲስ ዕቃዋን ከሌላንድ መኪና አወረደችና የብረት ኢላማዎቹን በጫነው የሜርል መኪና ተሳፈረች።

"ከእንግዲህ የምለካውን ጥይት ተኩሰው ሲጨርሱ ከቀበቷቸው ላይ ራሴ ነው የማነሳው" አለ ሜርል መንገድ ላይ።

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ፈራሁ።"

መስኮቱን አወረደች።

ሜርል ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ውድድር ይህን የሰሙ አንዳንዶች ድንገት ሥራ ትዝ አላቸውና ሳይተኩሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሌላንድ ግን አልሄደም፤ በትክክለኛው ጥይት ሲተኩስ እጁ እየዘለለ ከኋለኞቹ ተርታ ወጣ። አርዲስ ይህን ስታይ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም።

ዘለበቱን ግን ታጥቆት ይዞራል። አንድ ቀን በእህል መደብሩ ፊት ለፊት ተገናኙ።

"ቂሙ እስካሁን አልለቀቀሽም?" አላት፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"አልለቀቀኝም" አለችና የዶሮ መኖዋን በግራ እጇ ተሸክማ መንገዷን ቀጠለች።